ብርሃን የፍጥነት መለኪያ ሲሆን

ሰው አንድን ነገር ለመለካት ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ነገሩ ቀርቦ እጁን ያሳርፍበታል። ሸማ የሚገዛው በክንዱ ይለካል፤ እህል የሚሸጠው በቁና ይሰፍራል፤ ቅቤ ነጋዴዋም ሚዛኗን አንሥታ ትመዝናለች። የሚሮጠውን ነገር ግን በምን እንለካዋለን? ፈረሰኛው ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ አውቶሞቢል ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ኮከብ በሰማይ ሲጓዝ ክንድ አይደርስበትም፤ ቁናም አይሰፍረውም። ቀርበን ልንይዘው የማንችለው ነገር ምን ያህል እንደሚፈጥን እውነቱን የሚነግረን ማነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት አለን። በቅርቡ በአንድ የሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ክፍለ ሀገር ስንጓዝ አንድ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። የያዘው የሩቅ መነጽር የሚመስል መሣሪያ 92 የሚል ቁጥር ያሳይ ነበር፤ የቦታው ወሰን ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩ «ወንድሜ፣ እኔ ከ80 አላለፍሁም» ብሎ ተከራከረ። ፖሊሱም በትሕትና «መሣሪያው በብርሃን የሚሠራ ነው፤ ብርሃን ደግሞ ለማንም አያዳላም» ሲል መለሰለት። ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው «ልጄ፣ ብርሃኑስ አያዳላም፤ ሲለካ ያንተ እጅ ጸንቶ ነበርን?» ብለው ቢጠይቁት ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩ የቅጣቱን ወረቀት ተቀበለና መንገዳችንን ቀጠልን።

እኛም አብረን ስቀን ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፣ የሽማግሌው ጥያቄ የሚያስቅ ሳይሆን፣ ብርሃንን መለኪያ ያደረጉ ሊቃውንት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ራሳቸውን ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበውም የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

መለኪያው ራሱ ሲለካ

ቁናው ምን ያህል እንደሚይዝ ሳይታወቅ እህል መስፈር ከንቱ ነው። እንደዚሁም በብርሃን ለመለካት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ የብርሃንን የራሱን ፍጥነት ማወቅ አለበት። በጥንት ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ብርሃን ምንም ጊዜ ሳይወስድበት ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በቅጽበት የሚደርስ ይመስላቸው ነበር። ይህን አሳብ ያናጋው ኦሌ ሮመር የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ነው።

ሮመር በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ሲሠራ፣ ጁፒተር የተባለውን ፕላኔት ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዷ ኢዮ በጁፒተር ጥላ ውስጥ ገብታ የምትሰወርበትን ሰዓት ይከታተል ነበር። ምድር ከጁፒተር እየራቀች በምትሄድበት ወራት መሰወሯ ከተጠበቀው ሰዓት እየዘገየ ይታያል፤ ምድር ወደ ጁፒተር እየቀረበች በምትመጣበት ወራት ደግሞ ይቀድማል። በ1676 ሮመር ለዚህ ነገር ምክንያቱን ሰጠ፤ ይኸውም የዘገየችው ጨረቃዋ ሳትሆን ወሬዋን ይዞ የሚመጣው ብርሃን ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ብርሃኑ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር ብርሃን በባዶ ቦታ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 299,792,458 ሜትር እንደሚሄድ ታውቋል። እንዲያውም ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ በዚህ ቁጥር የሚወሰን ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በገበያ የሚዘረጋው የሸማ ነጋዴ ሜትር ሳይቀር የብርሃን ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። ለአንባቢያችን እንዲቀል ቁጥሩን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ብርሃን የሚሄደው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለት የአንድ ተማሪ ማስመሪያ ርዝመት ነው።

እንደ ገደል ማሚቶ

በብርሃን ፍጥነትን የመለኪያው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው። እረኛ ከገደል ፊት ለፊት ቆሞ ቢጮህ ድምፁ ነጥሮ ይመለስለታል፤ ገደሉ በራቀ ቁጥር ድምፁ ይዘገያል። በመንገድ ዳር የሚሠራበት የብርሃን መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ለዓይን የማይታይ፣ ከቀይ ብርሃን በታች ያለ የሌዘር ብርሃን በሰከንድ በመቶ በሚቆጠሩ አጫጭር ምቶች ወደ ተሽከርካሪው ይልካል፤ እያንዳንዱም ምት ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል።

አንድ አውቶሞቢል 300 ሜትር ርቆ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ይመጣል እንበል። ይህም በሰከንድ 20 ሜትር ማለት ነው። የመጀመሪያው ምት ሄዶ ለመመለስ ከሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ይፈጅበታል። ከአንድ ሰከንድ ሦስት አሥረኛ በኋላ መኪናው 6 ሜትር ቀርቧል፤ የብርሃኑም የደርሶ መልስ መንገድ በ12 ሜትር አጥሯል። ስለዚህ የኋለኛው ምት ከፊተኛው በሰከንድ አርባ ቢሊዮንኛ ቀድሞ ይመለሳል። መሣሪያው ይህችን ኢምንት ልዩነት ይዞ ነው «72» የሚል ቁጥር የሚያወጣው። እኛ በዓይናችን ከምንጠቅስበት ጊዜ ጋር ሲመዛዘን ይህ የጊዜ አቆጣጠር እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ነጋዴውና መልእክተኞቹ

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ የረቀቀ ነው። ይህንንም በ1842 ያቀረበው በፕራግ ከተማ መምህር የነበረው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። አሳቡን በምሳሌ እንግለጠው።

አንድ ሲራራ ነጋዴ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለሚስቱ በየቀኑ ጠዋት አንድ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኞቹ ሁሉ እኩል ይፈጥናሉ፤ ነጋዴው ደግሞ በእነርሱ ፍጥነት እኩሌታ ይጓዛል። ነጋዴው እየራቀ በሚሄድበት ጊዜ እያንዳንዱ መልእክተኛ ከፊተኛው የረዘመ መንገድ ስለሚጠብቀው፣ ሚስቲቱ መልእክት የምታገኘው በየቀኑ ሳይሆን በየአንድ ቀን ተኩሉ ነው። ነጋዴው ፊቱን ወደ ቤቱ ሲመልስ ግን መልእክተኞቹ በየግማሽ ቀኑ ይደርሱባታል። ሚስቲቱ ከደጇ ሳትወጣ፣ ባሏንም ሳታይ፣ የመልእክተኞቹን አመጣጥ ብቻ ቆጥራ እየራቀ ወይም እየቀረበ መሆኑንና ፍጥነቱንም ልታውቅ ትችላለች።

ድምፅም ብርሃንም በሞገድ መልክ የሚጓዙ ስለሆኑ ሞገዶቻቸው እንደ መልእክተኞቹ ናቸው። በ1845 ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት ከዩትሬክት ተነሥቶ በሚሄደው የባቡር መንገድ ላይ ይህን በድምፅ ፈተነው። መለከት የሚነፉ ሰዎችን በባቡሩ ላይ ጫነ፤ ጆሯቸው ለዜማ የሠላ ሌሎች ሰዎችን በመንገዱ ዳር አቆመ። ባቡሩ ሲቀርብ የመለከቱ ድምፅ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ደግሞ ወፍሮ ተሰማ። ዛሬ ማንም ሰው የሚያልፈውን የአምቡላንስ ጩኸት ቢያዳምጥ ይህንኑ ሊረዳው ይችላል።

በብርሃን ላይ ያለው ማኅተም

ዶፕለር በአንድ ነገር ተሳስቶ ነበር። አንዱ ኮከብ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው በእንቅስቃሴው ምክንያት መስሎት ነበር፤ ነገር ግን የከዋክብት ቀለም የሚለያየው በይበልጥ በትኩሳታቸው መጠን ነው። እንግዲህ ቀለሙ ብቻ የማይበቃ ከሆነ በብርሃን ላይ የፍጥነት ምልክት የሚሆነው ምንድን ነው?

ምልክቱ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። በ1814 ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ብርሃን ፕሪዝም በሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ብርጭቆ አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋው፣ በቀለሞቹ መካከል ከ500 በላይ ጥቋቁር መስመሮችን ቆጠረ። በ1859 እና በ1860 ኪርክሆፍና ቡንዘን የተባሉት ሊቃውንት እነዚህ መስመሮች የንጥረ ነገሮች ማኅተም መሆናቸውን አሳዩ። ሃይድሮጅን የራሱ መስመሮች አሉት፤ ሶዲየምም፣ ብረትም እንደዚሁ። የመስመሮቹ ቦታ በምድር ላይ በላቦራቶሪ ተለክቶ የታወቀ ነው።

ስለዚህ በአንድ ኮከብ ብርሃን ውስጥ የሃይድሮጅን መስመሮች ከታወቀው ቦታቸው ወደ ቀዩ በኩል ተስበው ቢገኙ ኮከቡ ከእኛ እየራቀ ነው፤ ወደ ወይን ጠጁ በኩል ተስበው ቢገኙ እየቀረበ ነው። የመሳቡም መጠን የፍጥነቱ ልክ ነው። ይህን በመስመሮቹ የመመርመር አሳብ በ1848 ያመለከተው ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ ነበር። ችግሩ ልዩነቱ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ኮከብ እንኳ መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ከአሥር ሺሕ አንድ እጅ ብቻ ነው።

የራስን ጉዞ መቀነስ

እዚህ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ ብቅ ይላል። ኮከብን የሚለካው ሰው ራሱ ጸንቶ የቆመ ነውን? አይደለም። የቆመባት ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። ይህን ሳይቀንስ ኮከቡን የሚለካ ሰው የራሱን ሩጫ በኮከቡ ላይ ይጽፍበታል።

በ1868 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ በለንደን ከነበረው የግል መመልከቻው ሲርየስ የተባለውን ብሩህ ኮከብ መረመረ። የምድርን ጉዞ በጥንቃቄ ቀንሶ ኮከቡ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል እየራቀ ነው አለ። ይሁን እንጂ ዛሬ እንደሚታወቀው ሲርየስ የሚርቅ ሳይሆን በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚቀርብ ኮከብ ነው። የሃጊንስ መንገድ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የመጣው በሚርገበገበው አየር ውስጥ የታየውን ቀጭን መስመር በዓይኑ ብቻ ስለ መዘነ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በፖትስዳም ሄርማን ፎግል መስመሮቹን በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ አስቀርቶ መለካት በጀመረ ጊዜ የዓይን ግምት ቀርቶ የተጣራ ቁጥር መታየት ጀመረ። ሃጊንስ በዚህ ስሕተቱ አልተዋረደም፤ መንገዱን የከፈተ ሰው ተብሎ እስካሁን ይከበራል። ምክንያቱም እንዴት እንደ ለካ በግልጽ ጽፎ ስላስቀመጠ የተከተሉት ሰዎች ሊያርሙት ችለዋል።

በ1912 አሜሪካዊው ቬስቶ ስላይፈር በአሪዞና በሚገኘው የሎዌል መመልከቻ፣ አንድሮሜዳ ከተባለው የከዋክብት ክምችት የሚመጣውን ደካማ ብርሃን ለብዙ ሰዓታት በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ እያጠራቀመ ፍጥነቱን ለካ። ያገኘውም በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ የሚቀርብ መሆኑን ነው። ነገር ግን ፀሐይ ራሷ ምድርንና ሌሎቹን ፕላኔቶች ይዛ በጋላክሲያችን ውስጥ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ይህ የራሳችን ጉዞ ሲቀነስ አንድሮሜዳ ወደ ጋላክሲያችን የሚቀርበው በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። ከተለካው ፍጥነት አብዛኛው የእርሱ ሳይሆን የኛ ነበር ማለት ነው!

ስላይፈር ሌሎቹን ጋላክሲዎች ሲለካ አብዛኞቹ እየራቁ መሆናቸውን አየ። ቤልጂጋዊው ዦርዥ ለሜትር በ1927፣ አሜሪካዊው ኤድዊን ሃብል በ1929 ይህን ከርቀታቸው ጋር ቢያስተያዩት፣ የራቀው ጋላክሲ የበለጠ እንደሚፈጥን ተገለጠ። ፍጥረተ ዓለም እየሰፋ መሄዱ የታወቀው እንግዲህ ከብርሃን መስመሮች ላይ ተነብቦ ነው።

ከዚያም ጥበቡ እየረቀቀ ሄደ። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲድየ ኬሎ የተባሉት የስዊስ ተወላጆች በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ መመልከቻ፣ 51 ፔጋሲ የተባለው ፀሐይን የሚመስል ኮከብ በአራት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንድ ጊዜ ወደ እኛና ወደ ኋላ እንደሚወዛወዝ አወቁ። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ60 ሜትር የማይበልጥ፣ ማለት በአውራ ጎዳና ላይ ከሚከንፍ የውድድር መኪና የማይበልጥ ነበር። የሚያወዛውዘውም በዙሪያው የሚሮጥ፣ ለዓይን የማይታይ ፕላኔት ሆኖ ተገኘ። በዚህም ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ዛሬ ደግሞ ሊቃውንቱ ምድርን የምታህል ፕላኔት ለማግኘት ይጥራሉ። ምድራችን ፀሐይን የምታወዛውዛት በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ዳዴ ከሚል ሕፃን የዘገየ ነው። ይህን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው የምድርን በፀሐይ ዙሪያ መጓዝ ብቻ ሳይሆን በራሷ ላይ መሽከርከሯን ጭምር አጥርቶ መቀነስ ይገባዋል።

ከሰማይ ወደ ደም ሥር

ይህ ጥበብ በሰማይ ብቻ አልቀረም። በ1960 ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ በኋላ፣ ቀለሙ አንድ ወጥና የጠራ ብርሃን ተገኘ። በ1964 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዬህና ከሚንስ የተባሉት ተመራማሪዎች የሌዘርን ብርሃን በሚፈስ ውሃ ውስጥ አሳልፈው፣ በውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ደቃቅ ነገሮች ተበትኖ የመጣውን ብርሃን ከመጀመሪያው ብርሃን ጋር አገናኙት።

ይህ ለምን እንደ ጠቀመ ክራር የሚመታ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ሁለት አውታሮች በጥቂቱ ብቻ ተለያይተው ሲቃኙ ድምፃቸው እየጎላና እየደከመ ይመታል፤ የምቱም ብዛት የልዩነታቸው ልክ ነው። ቀይ የሌዘር ብርሃን በሰከንድ ከ470 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ስለሚመታ እርሱን በቀጥታ መቁጠር የማይሞከር ነው። በሰከንድ አንድ ሜትር ወደ እኛ ከሚመጣ ነገር ነጥሮ ሲመለስ ግን ከፊተኛው ጋር የሚኖረው ልዩነት በሰከንድ 3 ሚሊዮን ምት ያህል ነው፤ ይህንንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለ ችግር ይቆጥረዋል።

በዚህ ዘዴ ዛሬ መሐንዲሶች በሞተርና በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን አየርና ፈሳሽ ሳይነኩት ፍጥነቱን ያውቃሉ። ሐኪሞችም በቆዳ ውስጥ የሚመላለሰውን ደም ይመረምሩበታል። በእሳት የተቃጠለ ሰው ሲመጣ፣ ከቆዳው ሥር ደም በደህና የሚዘዋወር መሆን አለመሆኑን በማየት ቁስሉ በራሱ የሚድን ወይም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው እንደሆነ ለመፍረድ ይረዳቸዋል። ቢላዋና መርፌ ሳይነካው ሕመምተኛው ይመረመራል ማለት ነው።

ወደ መንገዱ ስንመለስ

አሁን ወደ አውቶቡሳችን እንመለስ። የብርሃኑ መሣሪያ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የሚይዘው እጅ የሰው እጅ ነው። ፖሊሱ ከመንገዱ ዳር በጣም ርቆ በአግድም ቢለካ ቁጥሩ ይጎድላል፤ ጨረሩ ከመንገዱ አቅጣጫ በ20 ዲግሪ ቢያዘነብል 80 የሚሄደው መኪና 75 ሆኖ ይነበባል። ይህ ስሕተት ለሾፌሩ የሚያዳላ ነው። ሌላው ስሕተት ግን ይጎዳዋል። በሚለካበት በሰከንድ ሦስት አሥረኛ ውስጥ እጁ ተንቀሳቅሶ ጨረሩ በአውቶቡሱ ጎን ላይ ወደ ፊተኛው ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ቢንሸራተት፣ መሣሪያው ያችን አንድ ሜትር እንደ ጉዞ ቆጥሮ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይጨምርበታል። 80 የነበረው 92 ይሆናል!

ደህና መሣሪያ ምቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ የስሕተት ምልክት ያሳያል፤ ነገር ግን እኩል የሆነ መንሸራተት ሁልጊዜ አይገለጥለትም። ስለዚህ ነው የሠለጠነ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ርቀቱ በታወቀ በቆመ ነገር ላይ የሚፈትነው፤ ወደ ተሽከርካሪው የፊት ሰሌዳ አነጣጥሮ እጁን የሚያጸናው፤ የተጠራጠረውንም መልሶ የሚለካው።

በዚያች ቀን ፖሊሱ ተሳስቷል ለማለት አንደፍርም፤ እጁም የጸና ሊሆን ይችላል። የሾፌሩንም ችኮላ አናወድስም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚጋጨው መኪና ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገድ የምታቋርጥ ተማሪ ሕይወቷ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በእነዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ያላጠፋ ሾፌር ሲቀጣ የልጆቹ እንጀራ ይጎድላል፤ ሕግም በሕዝብ ፊት ክብሯን ታጣለች። እንግዲህ ትክክለኛ ልኬት ለሁለቱም ወገን ጋሻ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ብርሃንም እውነቱን ያደርስልናል እንጂ ስለኛ አይፈርድልንም። ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ወጣት ነገ በላቦራቶሪ፣ በሐኪም ቤት ወይም በመንገድ ዳር መሣሪያ ይይዛል፤ በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሹምም ከጠረጴዛው ላይ በየቀኑ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይቀርብለታል። ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ማን እንደ ለካው፣ ከየት ቆሞ እንደ ለካው፣ የራሱንም እንቅስቃሴ ቀንሶ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ከዋክብትን የሚለኩት ሊቃውንት በየሌሊቱ የሚያደርጉትን ማድረጉ ነው። እኒያ ሽማግሌም ፊዚክስ ሳይማሩ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንሰማ አንስቅም።